ለእናቱ ውሃ ማፍያ የገዛው ሰው

አንድ ሰው ነበረ። እናቱን ይወዳታል፤ ግን የሚበጃትን አይጠይቃትም። አትቸኩል አስናቀ፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው። ስለ ወንድምህ የጠየቅኸኝን አልረሳሁም። «ከመጠጥ አውጥቼ የሚበጀውን ሁሉ አዘጋጀሁለት፤ ታዲያ ለምን ይሸሸኛል? ከእንግዲህ ልተወው ወይ?» ነው ያልከኝ። መልሱን ልነግርህ ነው፤ አርፈህ ቁጭ በልና ስማኝ።

የዚህ ሰው እናት አርጅታለች። አንድ ክረምት ደጃፏ ላይ አዳልጧት ወድቃ የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ። ወጌሻ አሽቶ አሰረላት፤ አጥንቱ ገጠመ፤ ጉልበቱ ግን አልተመለሰም። ልጇና ምራቷ ማልደው ወደ ሥራ ይሄዳሉ። ከመውጣታቸው በፊት ውሃ አፍልተው በፔርሙዝ ይተዉላታል። ፔርሙዙ አሮጌ ነውና ገና ረፋዱ ላይ ውሃው ለብ ይላል። እንደ ድሮዋ ከሰል አቀጣጥላ በከባዱ ማንቆርቆሪያ እንዳታፈላ ደግሞ እጇ እንቢ አላት።

ይህች ሴት በሰፈሩ የምትታወቀው በሯ ክፍት በመሆኑ ነበር። ያለፈ ያገደመው ገብቶ ሻይ ሳይጠጣ አይወጣም። አሁን ግን ሰው ሲመጣ ወይ ለብ ባለ ውሃ ማስተናገድ፣ ወይ «ተነሽና አፍልተሽ ቅጂ» ማለት ሆነባት። ቤቷ የመጣን ሰው ማዘዝ ለእሷ ሞት ነው። ስለዚህ ምን አደረገች መሰለህ? በሯን ከውስጥ ትቀረቅር ጀመር። ጎረቤት ሲያንኳኳ ትንፋሿን ውጣ ትቀመጣለች። ምስኪን፣ በገዛ ቤቷ ተደበቀች።

አንዲት ጎረቤት ልጁን መንገድ ላይ አግኝታ፣ «እናትህን የት ወሰድክብን? ብናንኳኳ የሚከፍት የለም» አለችው። ሰውየው ነገሩ ገባውና አዘነ። ክፉ ሰው አይደለም። «የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያ እገዛላታለሁ፤ ተጭና ብቻ ታፈላለች» ብሎ ገበያ ወጣ።

ባለሱቁ ትልቅም ትንሽም ደረደረለት። ሰውየው እንግዲህ የኛው ሰው ነው፤ ለእናቱ ትንሽ ዕቃ ይዞ መግባት አሳፈረው። «ሰው ምን ይለኛል?» አለና ትልቁን መረጠ። ሆዱ የሰፋ፣ ፊት የሚያሳይ፣ ሲፈላ ሰማያዊ መብራት የሚበራበት ነው። ባለሱቁ ሶኬት ላይ ሰካው፤ መብራቱ ቦግ አለ። «ይኸው ይሠራል» አለው። ሰውየውም ከፍ ዝቅ አድርጎ መዘነና «ቀላል ነው» አለ። ልብ በል፤ ያነሣው ባዶውን ነው፣ ያውም በራሱ ክንድ።

እናቱ ዕቃውን ስታይ እልል አለች። ግንባሩን ስማ፣ «እኔን እንዳሰብከኝ እሱ ያስብህ» ብላ መረቀችው። ከዚያ ላስቲኩን እንኳ ሳትልጥ ወስዳ ቡፌው ውስጥ አስቀመጠችው። «ይኼ ለክቡር እንግዳ ነው» አለች። ልጁም ብትሳሳለት ነው ብሎ ደስ አለው። የኛ ነገር እኮ እንዲህ ነው! ደህናው ዕቃ ቡፌ ውስጥ ተኮፍሶ ይቀመጣል፣ እኛ በተሸረፈው እንጠጣለን።

በሩ ግን እንደተቀረቀረ ነው። ሰውየው ይህን ሲሰማ ተናደደ። «እማዬ፣ ምን ጎደለሽ? ሰፈር ውስጥ የሌለ ዕቃ ገዛሁልሽ፤ ለምን አታፈዪበትም?» አላት። «ምንም አልጎደለኝም ልጄ፤ ዕቃው ግሩም ነው» አለች አንገቷን ደፍታ። ይሉኝታ ይዟት ነው። እሱም «እንግዲህ የኔ ድርሻ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ካልፈለገች የራሷ ጉዳይ» ሊል ቃጣው። አንተን አሁን እንደሚቃጣህ።

እግዜር ይስጠው፣ አላለም። ተነሥቶ ማፍያውን ከቡፌው አወጣ። ላስቲኩን ላጠ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሞላበት፣ ፊቷ አስቀመጠና «እስቲ አንሺው፤ ልይሽ» አላት። እናቱ አየት አደረገችው። ከዚያ በሁለት እጇ ይዛ አነሣች። አንጓዋ ተንቀጠቀጠ፣ ማፍያው ዘመመ፣ ውሃው ቀሚሷ ላይ ተደፋ።

«የፈራሁት ይህንን ነው፤ የፈላ ቢሆንስ?» አለች።

ሰውየው መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። ጨርቅ አምጥቶ ወለሉን እየወለወለ፣ «ነገ አብረን እንሄዳለን፤ የምትመርጪው አንቺ ነሽ» አላት።

በማግስቱ እናቱን ደግፎ ሱቁ ደረሰ። ባለሱቁ ገና ከሩቅ ሲያየው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም!» አለ። «መልስልኝ አላልኩም። ሌላ ልገዛ ነው፤ ውሃ ብቻ አምጣልኝ» አለው። ባለሱቁ እየሳቀ፣ «ወንድሜ፣ ማፍያ ነው የምትገዛው ወይስ ሙሽራ ነው የምትመርጠው?» አለው። ሆኖም ገበያ ነውና ውሃ አመጣ። ሰውየው ማፍያዎቹን ሞላላትና እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ዝም አለ። ይህ ዝምታ ትልቁን ማፍያ ከመግዛት ይልቅ ከብዶት ነበር።

አንዱን አነሣች፤ ከበዳት። የሌላው እጀታ ጠባብ ነው፤ ጣቷ አልገባ አለ። ያኛው ክዳኑን ለመክፈት ጉልበት ይፈልጋል። በመጨረሻ ከታች መደርደሪያ ላይ አቧራ የጠጣች፣ መልኳም የማያምር፣ ትንሽ የፕላስቲክ ማፍያ አየችና «ያቺን ስጠኝ» አለች። ሞሉላት፤ እጇ ሙሉ በሙሉ እጀታው ውስጥ ገባ። አነሣቻት፣ አስቀመጠቻት፣ ደግማ አነሣቻት።

«ይቺ ትታዘዘኛለች» አለች።

ባለሱቁም ነገሩ ገርሞት ማፍያዋን ሰካላት፤ ብርጭቆና የሻይ ቅጠልም ከጓዳው ፈልጎ አመጣ። ውሃው ሲፈላ እናትየው ራሷ ቀዳች። እጇ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ነገር ግን አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም። ብርጭቆውን ለባለሱቁ ዘርግታ «በሞቴ፣ ጠጣልኝ» አለችው። ያ ሲቀልድ የነበረ ሰው ከመቀመጫው ተነሥቶ በሁለት እጁ ተቀበላት። ልጇ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ እንባውን ጠረገ።

ከዚያ ቀን በኋላ በሩ ተከፈተ። ማፍያዋ ትንሽ ስለሆነች ሁሉም ሰው በአንዴ አይደርሰውም፤ ተራ እየጠበቁ ሲያወጉ ይውላሉ። እናትየውም ይህንን ወደደችው።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ፣ አስናቀ። ለወንድምህ ምን አዘጋጀህለት? ጎህ ሳይቀድ ቤተ ክርስቲያን፣ ቀን እንጨት ሥራ ቤት፣ ማታ ትምህርት ቤት። መልካም ነው፤ ያብረቀርቃል። አንተ ግን ባዶውን፣ በጤነኛ ክንድህ አንሥተህ ነው «ቀላል ነው» ያልከው። እሱ የሚያነሣው ከነውሃው ነው፤ ከነሐፍረቱ፣ ከነጥማቱ። ትናንት ከመጠጥ የተላቀቀ ሰው እጁ ገና ይንቀጠቀጣል። «እሺ፣ ተባረክ» ብሎህ የተሰወረው ንቆህ አይደለም። ፊትህ ቢደፋበት ምን እንደምትለው ፈርቶ ነው።

ልተወው ወይ ላልከው፣ አትተወውም። አክስትህ ቤት እንደተጠለለ ታውቃለህ። ሂድና «የቱን ትችላለህ?» ብለህ ጠይቀው፤ ከዚያ ዝም በል። አውቅሃለሁ፣ ዝምታው ይከብድሃል፤ ቢሆንም ዝም በል። ምናልባት «ጠዋት ጠዋት ካንተ ጋር ቤተ ክርስቲያን ልሂድ፤ ሌላውን ግን አሁን አልችልም» ይልህ ይሆናል። ላንተ ትንሽ ነገር ነው። በትንሽነቱ አትፈርበት፤ ተቀበለው። አንድ ነገር በገዛ እጁ አንሥቶ ያልፈሰሰበት ሰው ሁለተኛውን ራሱ ይጠይቅሃል። ወንድምህ ይድናል፤ እኔ አልጠራጠርም። በል ተነሥ፣ ሳይተኛ ድረስበት።