የይልቃል ሞተር ለማን ይሰጥ?

በአንድ ወቅት፣ የአንዲት ከተማ ሞተረኞች ላይ በርና ታች በር በተባሉ ሁለት ማኅበራት ተከፍለው ደም በተቃቡበት ዘመን፣ የላይ በሩ ይልቃል የድልድዩ ኩርባ ላይ ሞተሩ በእርግጫ ተመትቶ ገደል ገብቶ ሞተ። ማን እንደመታው ከታች በር የሚያውቅ ነበር። አልተናገረም። ሞተረኛ ማኅበርተኛውን አሳልፎ አይሰጥም።

በላይ በር ደንብ የሟች ሞተር ከወደቀበት ተነሥቶ፣ ሸራ ለብሶ በማኅበሩ ግቢ ይቆማል። የሚወስደው የሟቹን ደም ከዳር ያደረሰ፣ በበቀልም ይሁን በእርቅ ነገሩን የቋጨ ሰው ነው።

የይልቃል እህት ፍሬገነት የታች በሩን ማቲዎስን በስውር ትወድ ነበር። ከቀብሩ በኋላ ተለየችው። የሞተሩን ድምፅ ከሩቅ ትለያለች፤ ሲያልፍ ግን ቀና አትልም። ለወንድሟ የሚያለቅስ ቤቱን ሞልቶታል፤ ስለ ማቲዎስ የምታወራው ሰው አልነበራትም።

ታናሽ ወንድሟ ብዙአየሁ ገዳዩ የታች በሩ ሽብሩ መሆኑን ጠረጠረና እዚያው ኩርባ ላይ አሳደደው። ሽብሩ ተንሸራቶ ወደቀ፤ ሞተሩ እግሩን ተጫነው። ብዙአየሁ ድንጋይ አነሳ።

«ምን ትጠብቃለህ? ጨርሰኝ!» አለ ሽብሩ።

«እኔ አንተን፣ ወንድምህ እኔን። እናቴ ስንቱን ትቅበር?» አለና ድንጋዩን ጥሎ ሞተሩን አነሳለት።

የላይ በር ልጆች ሲሰሙ «ብዙዬ፣ ቀሚስ እንግዛልህ?» እያሉ ሳቁበት።

ነገሩ ሽማግሌ ዘንድ ቀረበ። ሽብሩ ካደ። የአጎቱ ልጅ ማቲዎስ ግን ተነሳ።

«ከኋላው ነበርኩ። በእግሩ ሲመታው አይቻለሁ።»

የገዛ አጎቱ ምራቁን ተፋበት። ታች በሮች እዚያው ከማኅበሩ ሰረዙት።

በዚያ አገር ከሟች ቤት ጥቅም የሚጠብቅ ሰው ምስክርነቱ አይያዝም። ሽማግሌው ጋሽ ወልዴ ጠየቁ፦ «ልጄ፣ ከዚህ ቤት የምትፈልገው አለ?»

ማቲዎስ መዋሸት አልቻለም። ዓይኑ ወደ ሴቶቹ ወገን ሄደ። ቃሉ ሊወድቅ ሆነ።

ፍሬገነት ከሴቶቹ መካከል ቆመች። «እኔን ይፈልጋል። እኔም እፈልገዋለሁ» አለች። አባቷ ፊቱን አዞረ። «በወንድሜ አፈር እምላለሁ፣ አላገባውም። እንግዲህ ከቤታችን የሚያገኘው የለም። ቃሉን ተቀበሉ።»

ተቀበሉት። ሽብሩም አመነ፤ ለሕግ ተሰጠ። ሁለቱ ማኅበራት ታረቁ፤ ሸራውም ተገፈፈ።

ሞተሩ ለማን ይሰጥ ሲባል አንዱ «ብዙአየሁ ባይታገሥ ዛሬ ሁለት ሬሳ ነበር የምንቆጥረው» አለ። ሌላው «ማቲዎስ ባይናገር እርቅ ከየት ይመጣ ነበር?» አለ። አንዲት አሮጊት «እሷ ባትምል ማን ይሰማው ነበር፣ እናንተው?» አሉ።

ሦስቱ በግቢው ሦስት ጥግ ለየብቻ ቆመዋል። ማቲዎስን የሚያስጠጋው ማኅበር የለም። ብዙአየሁን አሁንም በጎን እያዩ ይስቁበታል። ፍሬገነት አጠገብ ያለው አግዳሚ ባዶ ነው፤ መሐላዋም አይፈታም።

እንግዲህ ፍረዱ። ሞተሩ መግደል እየቻለ ለተወው፣ ዘመዱን ላጋለጠው፣ ወይስ የምትወደውን በመሐላ ላጣችው? ለማን ይገባል?