የእመት ጦጢት ሁለት ምድጃ

እናንተ ልጆች ጠጋ በሉ፤ ትልልቆቹም ብትሰሙ አይጎዳችሁም። የዛሬው ተረት ሳቅ ያንሰዋል። ሳቅ የፈለገ ነገ ይምጣ።

በድሮ ጊዜ፣ አያቴም ስሙን ባልነገረችኝ አገር፣ አራዊት ሁሉ በአንድ አንበሳ ይገዙ ነበር። አገሩ ደጋም ወይና ደጋም ቆላም ነበረው። አንበሳው ግብር ሲጥል እንዲህ ብሎ አወጀ፦ «ደጋን ዝናብ አይነሳውም፤ ስለዚህ የደጋ ነዋሪ ካገባው አሥር ቁና ሦስቱን ይስጥ። ወይና ደጋ ሁለት ይስጥ። ቆላን ፀሐይ ይበላዋልና አንድ ይበቃዋል። ዓመቱን ሙሉ አሥር ቁና ያልሞላለት ድሃ ምንም አይክፈል። የተሰበሰበው በየአገሩ ጎተራ ይቀመጥ፤ ክፉ ቀን ሲመጣ የከፈለም ያልከፈለም የዚያ አገር ነዋሪ ሁሉ ይብላ።»

የየት አገር ነዋሪ እንደሆነ በምን ይታወቃል? በምድጃው። ንጋት ላይ አመዱ የሚሞቅበት አገር፣ አገሩ ያ ነው። ግብር ሰብሳቢው አያ ኤሊ ነበር። ኤሊን ግብር ሰብሳቢ ያደረገ ንጉሥ መቼም ለከፋዩ አዝኖ ነው! አያ ኤሊ በየደጁ ይደርስና እጁን ከአመዱ ይከታል። ከሞቀው ባለቤቱን ይመዘግባል፤ ከቀዘቀዘው ያልፋል። «አመድ አይዋሽም» ይላል ሁልጊዜ።

እመት ጦጢት ደጋ ላይ ሰፊ የገብስ ማሳ ነበራት። በዓመት አርባ ቁና ታገባለች። ከአርባው አሥራ ሁለቱ ወደ ጎተራ ሲሄድ ግን አንጀቷ ያርራል። «አሥራ ሁለት! ቆላ ብሆን እኮ አራት ብቻ ነበር» ትላለች። ታዲያ ቆላ ወርዳ ልትኖር? ማን፣ እሷ? ሙቀቱን ማን ችሎት!

ከማሳዋ በታች፣ ቀርከሃው ጥግ፣ ባሏ የሞተባት ሚዳቋ ትኖር ነበር። እንቡጥ የምትባል አንዲት ግልገል አለቻት። ሚዳቋ በዓመት ሦስት ቁና ብታገባ ነው፤ ግብር አይደርስባትም። ሀብቷ ያቺ ልጅና ያቺ ምድጃ ነበሩ።

አንድ ቀን እመት ጦጢት አንገቷን ሰበር አድርጋ መጣች።

«እህቴ ሚዳቋ፣ ያንቺ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ቆላ አንዲት ጎጆ አሠርቻለሁ። ወርደሽ እሳቷን አንድጂልኝ፤ በዓመት አምስት ቁና ገብስ እልክልሻለሁ።»

«እሳት ማንደድ ብቻ፣ እመቴ?»

«እሳት ማንደድ ብቻ። የማን ምድጃ ነው ካሉሽ፣ ‹የእመት ጦጢት ነው› በይ።»

«የእኔ ምድጃስ?»

«የምን ምድጃ አመጣሽ ደግሞ! ግብር አትከፍዪ፤ ምድጃሽ ሞቀ ቀዘቀዘ ማን ይገደዋል?»

ሚዳቋ አሰበች። ከሦስት አምስት ይበልጣል፤ ልጇም ጠግባ ታድራለች። የሳተችው እዚህ ላይ ነው ልጆቼ። ግብር የማይከፍል ድሃ አገር የማያስፈልገው መሰላት። ከሁሉ በፊት አገር የሚያስፈልገው ግን ለእሱ ነው። እሳቷን አጥፍታ፣ እንቡጥን አስከትላ ወረደች።

አያ ኤሊ ቆላ ደረሰ። እጁን ከአመዱ ከተተ፤ ሞቀው። «የማን ነው?» አለ። «የእመት ጦጢት» አለች ሚዳቋ። «አመድ አይዋሽም» ብሎ መዘገበ። ደጋ ወጣ። እመት ጦጢት ግን ገና ሳይነጋ አንድ እንስራ ውሃ ምድጃዋ ላይ ቸልሳ ጠብቃዋለች። እጁን ከአመዱ ከተተ፤ ቀዘቀዘው። «አመድ አይዋሽም» ብሎ አለፈ።

ነገሩ ተሰማ። ዝንጀሮም ቆላ ምድጃ አበጀ፤ ከርከሮም አበጀ። የደጋው ጎተራ ጎደለ። አንበሳው ተቆጣና፣ «እንግዲያው ደጋ ከአሥሩ አራት ይክፈል!» አለ። ማን ከፈለ? አህያ ናታ! ሌላ ጎጆ የሚሠራላት የለ፣ ሌላ እሳት የሚያነድላት የለ። ጀርባዋ እስኪላጥ ተሸክማ የሌሎቹንም ከፈለች።

በሦስተኛው ዓመት ዝናብ ቀረ። እመት ጦጢት ለሚዳቋ፣ «ዘንድሮስ እኔም ተቸግሬአለሁ» ብላ ላከችባት፤ ገብሱን ግን አልላከችም። እንቡጥን በረሃብ ላይ የቆላ ንዳድ ያዛት።

«እማ፣ ቤታችን እንሂድ» አለች።

ሚዳቋ ልጇን አዝላ ሁለት ቀን ዳገት ወጣች። አያ ኤሊ ከሚጠብቀው ከደጋው ጎተራ ደጅ ላይ ወደቀች።

«አያ ኤሊ፣ ለልጄ እፍኝ ገብስ ይስጡኝ።»

«የየት አገር ነሽ?»

«የዚሁ ነኝ። ቀርከሃው ጥግ ምድጃ አለኝ።»

«ያ ምድጃ ከቀዘቀዘ ሦስት ዓመቱ ነው። አመድ...» አለና ልጅቷን አይቶ ቃሉን ዋጠው። ሕጉ ቢከለክልም አንጀቱ አልችል ብሎት ጎተራውን ከፈተላት። ወለሉ ላይ ገለባና አቧራ እንጂ አንድ ፍሬ አልነበረም። «ባለ ማሳዎቹ ሁሉ ‹ቆላ ነን› ብለው ምን ይገኝ ብለሽ» አለ፤ ቀና ብሎም ሊያያት አልቻለም።

እያለቀሰች ተመልሳ ወረደች። የቆላውን ጎተራ የሚጠብቀው ጃርት ነበር።

«ምድጃሽ የት ነው?» አላት።

«ወንዙ ዳር... የእመት ጦጢት ምድጃ።»

«እመት ጦጢት ትናንት መጥታ ድርሻዋን ወስዳለች። ለአንድ ምድጃ አንድ ድርሻ ነው።»

«የማነደው እኮ እኔ ነኝ!»

«መዝገቡ ላይ የለሽም፣ እህቴ።»

እንቡጥ በማግስቱ ማለዳ ሞተች፤ በሰው ጎጆ፣ በሰው ምድጃ አጠገብ።

በዚያ አገር ሐዘን የገባበት ቤት ሰባት ቀን እሳት አይነድበትም። ሚዳቋም እሳቱን ተወችው። በአምስተኛው ቀን አያ ኤሊ ለግብር ደረሰ። እጁን ከአመዱ ከተተ፤ ቀዘቀዘው። «የእመት ጦጢት ምድጃ ምን ነካው?» ብሎ ጠየቀ። ሚዳቋ ሁሉንም ነገረችው፤ የምትሸሽገው ነገር አልቀራትም።

እመት ጦጢት ከአንበሳው ፊት ቀረበች።

«የየት ነሽ?» አላት አንበሳው።

«የቆላ ነኝ፣ ጃንሆይ።»

«የቆላው ምድጃሽ ቀዝቅዟል» አለ ኤሊ።

«እንግዲያው የደጋ ነኝ!»

«የደጋውማ ሦስት ዓመት ሙሉ ቀዝቃዛ ነበር። እጄን የከተትኩት እኔ ነኝ።»

«ውሃ እየቸለስኩበት ነው እንጂ መቼ...» አለችና አፏን በእጇ ያዘች። ረፍዶ ነበር።

አንበሳው በሦስቱ ዓመት ያስቀረችውን ግብር ሁሉ ከጓዳዋ አስወጥቶ ደጋው ጎተራ አስገባ። ዝንጀሮና ከርከሮ ማንም ሳይጠራቸው ደጋ ወጥተው እሳታቸውን አነደዱ። የአህያም ግብር ወደ ሦስት ተመለሰ። ያን ዓመት ደጋው ሁሉ በላ።

«ከተመለሰው ገብስ የመጀመሪያውን ቁና ለሚዳቋ ስጧት» አለ አንበሳው።

ሚዳቋ ቁናውን አየችው። «ልጄ የፈለገችው እፍኝ ነበር፤ አሁን ቁናውን ምን ላድርገው ጃንሆይ?» አለች። ለአህያ ሰጠችውና ወደ ቀርከሃው ጥግ ሄዳ የቀዘቀዘ ምድጃዋን ለብቻዋ አነደደች። አያ ኤሊ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ይመጣል። እጁን ከአመዱ ይከታል፤ ይሞቀዋል። ያቺን የለመዳትን ቃል ግን አይናገራትም፤ ጥቂት አብሯት ይቀመጥና ይሄዳል።

ሌላ ጊዜ ቢሆን አፌን በዳቦ አብሱልኝ እል ነበር። ዛሬ ዳቦውን ለጎረቤት ልጅ ስጡልኝ፤ ይህችን ግን ያዙ፦

ሀብታም የሸሸው ግብር፣ ከድሃ ጎጆ ያድር።