ከጣሪያው በታች ቦታ ነበር

አንድ ሰው ነበር። ሥራው ኳስ ማቀበል ነበር።

በእግር የሚመታውን ኳስ ማለቴ አይደለም። በእጅ እያነጠሩ ቅርጫት ውስጥ የሚጥሉትን ነው። አዳማ ውስጥ ለአንድ የፋብሪካ ክለብ አሥራ አንድ ዓመት ተጫውቷል። ስሙን ግዛቸው እንበለው። ቅርጫት ኳስ ሲባል ሁላችንም የምናስበው ረጃጅሞቹን ነው፤ ግዛቸው ግን ረጅም አልነበረም። ኳሱን ከኋላ ይዞ ይመጣል፤ ማን ክፍት ቦታ ላይ እንደቆመ ያያል፤ ይሰጠዋል። ሌላው ያስቆጥራል፤ ለሌላው ይጨበጨባል።

ይህ ሰው አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ዓይን ማንበብ። ተጋጣሚው ወዴት እንደሚዞር ገና ሳይዞር ከዓይኑ ይረዳል። አዲስ ለሚመጡት ተጫዋቾችም፣ «እግር ይዋሻል፤ ትከሻም ይዋሻል። ዓይን ግን አይዋሽም። ዓይኑን እዩት» እያለ ያስተምራቸው ነበር።

እስቲ ልጠይቃችሁ። እውነት ዓይን አይዋሽም? ይህን ጥያቄ ያዙልኝ።

ግዛቸው ሠላሳ ስድስት ዓመት ሲሞላው ጉልበቱ ያስቸግረው ጀመር። ከልምምድ በፊት በፋሻ ይጠቀልለዋል፤ ከልምምድ በኋላ በረዶ ይይዝበታል። በቡድኑ ውስጥ ትልቁ ደሞዝ የእሱ ነበር። በዚያው ዓመት ደግሞ ለክለቦች የደሞዝ ጣሪያ ወጣ። አንድ ክለብ ለተጫዋቾቹ በወር የሚከፍለው ሁሉ ተደምሮ ከዚህ በላይ አይለፍ ተባለ። የፋብሪካው ክለብ ሲደመር ከጣሪያው በላይ ሆነ። እንግዲህ አንድ ሰው መውጣት አለበት። ማን ይመስላችኋል?

ወሬው ከውሳኔው ቀደመ። ወሬ መቼ ውሳኔ ጠብቆ ያውቃል? እሁድ ረፋዱ ላይ የሬዲዮው የስፖርት ፕሮግራም፣ «ታማኝ ምንጮቻችን እንደገለጹልን አንጋፋው አቀባይ በሁለት ወጣቶች ተለውጦ ወደ ሐዋሳ ያመራል» አለ። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ፣ «ጋሽ ግዛቸው፣ ዓሣ ሊበሉ ነው አሉ!» ብሎ ሳቀ። ግዛቸውም ሳቀ። ቤቱ ሲገባ ግን ምሳውን አልነካም። አንድ ሰው በሁለት ሰው ሲለወጥ ክብር ነው ወይስ ውርደት? ይህን ሲያወጣና ሲያወርድ ዋለ።

አሁን ስለ ሁለተኛው ሰው ልንገራችሁ። ሳህሌ ይባላል። ቅርጫቱ ሥር የሚቆመው ረጅሙ እሱ ነው። አሥራ አንዱንም ዓመት ከግዛቸው ጋር ተጫውቷል። ለጨዋታ ሌላ ከተማ ሲሄዱ አንድ ክፍል ያድራሉ። አውቶቡስ ውስጥ ግዛቸው በመስኮቱ በኩል፣ ሳህሌ እግሩን እንዲዘረጋ በመተላለፊያው በኩል ይቀመጣሉ። ሳህሌ ቅርጫት ውስጥ ከጣላቸው ኳሶች ግማሹ ከግዛቸው እጅ የመጣ ነው። ጓደኛሞች ነበሩ ብል ያንስባቸዋል።

ሰኞ ግዛቸው ለልምምድ ሄደ። የልብስ መቀየሪያውን በር ሲከፍት ወሬው ቀጥ አለ።

«እንኳን ደህና መጡ ጋሼ!» አለ ጉተማ፣ የቡድኑ ቀልደኛ። በዕድሜው ሊያበሽቁት ሲፈልጉ አንቱ ይሉታል።

«ምን እያላችሁ ነበር?»

«ስለ ጉልበትዎ ነው። ጋራዥ ይግባ ወይስ ለቁራሌው ይሸጥ እያልን።»

ሁሉም ሳቁ። ሳህሌ አልሳቀም። ሳህሌ አንድ ወረቀት ፎጣው ሥር ከተተና ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ፈታ። ደህና ታስሮ የነበረውን ክር ፈትቶ እንደገና አሰረው። ቀና ሲል ዓይኑን ከግዛቸው ዓይን አሸሸ።

ግዛቸው አነበበ። ማንበብ ያውቅ የለ? «እሱም አለበት» አለ በልቡ። «ወንድሜም ሸጠኝ።»

ወገኖቼ፣ ያ ወረቀት ምን ነበር?

ማመልከቻ ነበር። «የእኛ ደሞዝ ይቀነስና ግዛቸው ይቆይ» የሚል ማመልከቻ። ሌሎቹ ዘጠኝ ተጫዋቾች ከየደሞዛቸው ትንሽ ትንሽ ቢተዉ የግዛቸው ሳይነካ ድምሩ ከጣሪያው በታች ይውላል። ሐሳቡን ያመጣው ሳህሌ ነው። በመጀመሪያ የፈረመውም ሳህሌ ነው። እሁድ ከሰዓት፣ ሬዲዮው ባወራ በሦስት ሰዓት ውስጥ፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሲጽፈው ሚስቱ አየችው።

«ታዲያ ለምን አትነግረውም?» አለችው።

«ግዛቸውን አታውቂውም? ከሰማ እሺ አይልም። የሰው ደሞዝ አልቀማም ብሎ ራሱ ጥሎ ይወጣል። ዓርብ የክለቡ ኮሚቴ ያጽድቀውና ያኔ ይሰማል። ከዚያ በኋላ ቢቆጣም ይቆጣ።»

የቡድኑን ልጆችም እንዳይናገሩ አስማላቸው። የደበቁት ለክብሩ ብለው ነው። የሚደብቅ ሰው ዓይን ግን የበዳይ ዓይን ይመስላል። ፍቅርም ሲደበቅ ዓይኑን ይሰብራል። ግዛቸው ሜዳ ላይ ብዙ ነገር ተምሯል፤ ይህን ግን አልተማረም ነበር።

ማክሰኞ ለልምምድ መጣ። ረቡዕም መጣ። በልምምድ ላይ ለሁሉም ያቀብላል፤ ለሳህሌ አያቀብልም። ሳህሌ ቅርጫቱ ሥር ብቻውን ቆሞ እጁን ያነሳል፤ ኳሱ በሌላ በኩል ያልፋል። ረቡዕ ከሰዓት ግዛቸው ራሱ ወደ ሐዋሳ ደወለ። ሐሙስ ጠዋት የሐዋሳው ክለብ ሰው አዳማ ድረስ መጥቶ አስፈረመው። ከዚያ የልብስ ሳጥኑን ባዶ ሊያደርግ ወደ ክለቡ ሄደ።

ሳህሌ በር ላይ ደረሰበት።

«ግዛቸው፣ ቆይ እስቲ። እስከ ነገ ብቻ ቆይ።»

«ነገ ምን አለ?»

ሳህሌ መሬት መሬቱን አየ። «ነገ ትሰማለህ።»

«የምሰማውን በሬዲዮ ሰምቻለሁ» አለና ባጃጅ ውስጥ ገባ።

አንድ ቀን። አንድ ቀን ብቻ! ዓርብ ኮሚቴው ተሰብስቦ ማመልከቻውን ተቀበለ። ከጣሪያው በታች ቦታ ነበር። ሰውየው ግን አልነበረም።

ማን አጠፋ ትላላችሁ? ግዛቸው አልጠየቀም እንዳንል፣ «ነገ ምን አለ?» ብሎ ጠይቋል። የጠየቀው ግን ከፈረመ በኋላ ነው። ከፈረምን በኋላ የምንጠይቀው ጥያቄ፣ ጥያቄ ነው? ሳህሌስ? ቃሉን ጠበቀ፤ ጓደኛውን አጣ። በኋላ ሚስቱ «አሁንም ቢሆን ንገረው» ስትለው፣ «ውል ፈርሞ ከሄደ በኋላ ብነግረው ሸክም ነው የምጭንበት» አላት። እውነቱን ነው። ግን ተቀይሞም ነበር፤ ይህንንም አልደብቃችሁም።

ሁለት ዓመት ሳይነጋገሩ ቆዩ። አንድ ጊዜ ሐዋሳ ላይ ተጋጥመው ጣት ለጣት ተጨባበጡ። «ደህና ነህ?» «እግዚአብሔር ይመስገን።» በቃ። አሥራ አንድ ዓመት አንድ ክፍል ያደሩ ሰዎች።

በሦስተኛው ዓመት ሳህሌ ኩላሊቱን ታመመ። ያ ረጅም ሰው ከሰዓት ከሰዓት በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቀ ይቀመጥ ጀመር። ሚስቱ አንድ ነገር አስተዋለች። የግቢው በር በተንኳኳ ቁጥር ቀና ይላል። የመጣውን ሰው ያይና መልሶ ያቀረቅራል። ማንን እንደሚጠብቅ አልነገራትም። መንገርም አላስፈለገውም።

አንድ እሁድ ከሰዓት የቤቱ ስልክ ጠራ። ሚስቱ አነሳችው።

«ሳህሌ አለ?»

ድምፁን ወዲያው ለየችው። ሦስት ዓመት የት ነበርክ ልትለው ፈለገች። አላለችም። ከዚያ የከፋ ነገር አደረገች።

«ተኝቷል» አለችው።

አልተኛም ነበር። በረንዳው ላይ ነበር። በሩ ክፍት ነው፤ መካከላቸው አሥር እርምጃ አይሞላም።

«እሺ፣ ሲነሳ ግዛቸው ደውሎ ነበር በይልኝ።»

«እሺ።»

«ማነው?» አለ ሳህሌ ከውጭ።

«የተሳሳተ ቁጥር ነው» አለችው፤ ስልኩንም ዘጋች።

ልትነግረው ታስብ ነበር። ትንሽ ይቆይ፣ ግዛቸውም ትንሽ ይቅመሰው፣ ሌላ እሁድ እነግረዋለሁ ትል ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ሳህሌ ዐረፈ።

ወገኖቼ፣ እስካሁን «ሚስቱ» እያልኩ ቆየሁ። እንዲህ እያልኩ መጨረስ ግን አልችልም። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ።

ስለ ሐዘኔ ልነግራችሁ አልቆምኩም። የቆምኩት ስለዚያ ስልክ ልነግራችሁ ነው።

ግዛቸው ለቅሶ መጣ። እያነከሰ ገብቶ ድንኳኑ ጥግ ተቀመጠ። በሦስተኛው ቀን ሰው ሲቀንስ፣ ኮሚቴው ለሳህሌ የመለሰለትን ማመልከቻ ከመሳቢያ አውጥቼ ሰጠሁት። አራት መስመርና ዘጠኝ ፊርማ ነው። አንብቦ ለመጨረስ በጣም ቆየ።

«ይኼ መቼ ነው የተጻፈው?»

«እሁድ ዕለት። አንተ ሐሙስ ሄድክ።»

ወረቀቱን በነበረበት እጥፋት አጠፈው። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ደውዬ ነበር» አለኝ። «ተኝቶ ነበር።»

«አዎ» አልኩት።

አያችሁኝ? የእሱን ስህተት በእጁ አስያዝኩት። የራሴን ደበቅኩ።

አራት ዓመት ደበቅኩት። በእነዚህ አራት ዓመታት እዚሁ ቦታ ቆሜ ስለ ይቅርታ ያስተማርኩበት ጊዜ አለ፤ ታስታውሱ ይሆናል። ባለፈው ሐሙስ የዛሬውን ትምህርት ሳዘጋጅ ግን እጄ አልጽፍ አለኝ። ተነስቼ ወደ ሐዋሳ ደወልኩ።

«ግዛቸው፣ ያን ዕለት አልተኛም ነበር» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ። «'ማነው?' ሲል ሰምቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን መልሰህ አልደወልክም?»

«ያንቺንም መልስ ሰማሁ። የሥራዬን ነው ያገኘሁት ብዬ ተውኩት።» ቀጥሎም፣ «ድምፁን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ያኔ ነው።»

በዚያ ቀን ግዛቸው በትክክል ነበር ያነበበው። ውሸቴን አንብቧል፤ ቂሜንም አንብቧል። በትክክል ማንበቡ ግን ምን ጠቀመው? መጀመሪያ ተሳስቶ አንብቦ ሄደ፤ በኋላ ሳይሳሳት አንብቦ ቀረ። ሁለቱም ጊዜ ወንድሙን አጣ።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ።

ማነው ዓይኑን ያሸሸባችሁ? የሥራ ባልደረባችሁ ነው? እህታችሁ ናት? በር ስትከፍቱ ወሬ ያቆሙት እነማን ናቸው? አንብባችሁ ጨርሳችኋል አይደል? ፈርማችሁም ይሆናል። ፎጣው ሥር ምን እንዳለ ግን አታውቁም። ምናልባት ክፉ ነገር ነው። ምናልባት ደግሞ ስማችሁ የተጻፈበት፣ ሌላው ሰው ከራሱ ቀንሶ ለእናንተ የፈረመበት ወረቀት ነው። ዓርብ እስኪደርስ መጠበቅ ያን ያህል ይከብዳል?

እናንተስ መልካሙን ነገር ደብቃችሁ «በኋላ ይሰማል» የምትሉ? በኋላ የእናንተ ነው? ማን ሰጣችሁ?

እንደ እኔ በር ላይ የቆማችሁም አላችሁ። አልበደላችሁም፤ አልተበደላችሁም። ሁለት ሰዎች መካከል ቆማችሁ ግን ስለምትወዱት ሰው ብላችሁ ቂም የያዛችሁ። «ተኝቷል» የምትሉ። እኔም ለባሌ የቆምኩ መስሎኝ ነበር። የቆምኩት በሩ ላይ ነበር።

የቤቴ ስልክ ዛሬም እዚያው ኮመዲኖ ላይ ነው። ሲጠራ ቶሎ አነሳዋለሁ። በረንዳው ላይ ግን «ማነው?» የሚለኝ የለም።

እናንተ ቤት ዛሬም የሚጠይቅ ሰው አለ። ስትገቡ የደወለውን ሰው ስም ንገሩት።