ቅጠሉ አረንጓዴ ሳለ

አንድ ገበሬ ነበረ። ወለላ ልጄ፣ ጥያቄሽን ሰምቻለሁ፤ መልሱን ግን ከዚህ ሰው ማሳ ቆፍረን ነው የምናወጣው።

ገበሬው ከአባቱ የወረሰው የእንሰት ማሳ ነበረው። እንሰት እንደ ጎመን ቶሎ አይተካም፤ ተተክሎ ለምግብ እስኪደርስ አምስት ስድስት ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ ሰውየው ማሳውን ባየ ቁጥር የልጆቹን የብዙ ዓመት ቀለብ ያያል።

አንድ ክረምት የአንዱ እንሰት የመሃል ቅጠል ቢጫ ሆነና ጠወለገ። ገበሬው ቢላዋውን አንስቶ ቆረጠው። ብዙም ሳይቆይ አዲስ ቅጠል ብቅ ሲል እፎይ አለ። በወሩ ሌላው ጠወለገ፤ ያንንም ቆረጠ። እንዲህ እያለ ሁለት ዓመት ቆየ። ሰው ሲጠይቀው ድኗል ይል ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ከመንገድ ላይ ለሚያየው ማሳው ያማረ ነበር።

ወንዝ ማዶ የሚኖር ታናሽ ወንድም ነበረው። አንድ ቀን መጥቶ ማሳውን ዞሮ አየና፣ ሁሉንም ንቀለው፣ አቃጥለው፣ መሬቱን አሳርፈው፣ ከዚያ ከእኔ ጓሮ ንጹሕ ችግኝ ወስደህ ትተክላለህ አለው። ገበሬው ተቆጣ። ከባሰበት ያን ጊዜ እነቅላለሁ፣ አሁን እንዲህ አምሮበት የአባቴን ማሳ በእጄ አላጠፋም ብሎ ሸኘው። ከቁጣው ሥር ግን ፍርሃት ነበረ። የወንድሜ ችግኝ መሬቴን ቢጠላውስ? የነበረኝንም አጥቼ ባዶ እጄን ብቀርስ? ይህን ለማንም አልተናገረም።

ወንድሙ አልተቀየመም፤ ተመልሶ መጣ።

«ጋሼ፣ አንዱን ብቻ ሰንጥቅና እንየው» አለው። «የምትመርጠው አንተ ነህ።»

ገበሬው ከሁሉ ያማረውን፣ ቅጠሉ ከአጥር በላይ የወጣውን መረጠ። ግንዱን ለሁለት ሰነጠቀው። ከውስጡ መግል የመሰለ ቢጫ ፈሳሽ በቢላዋው ስለት ላይ ወረደ። ሰውየው ቢላዋውን አስቀምጦ ዶማ አነሳ።

ሦስት ቀን ሙሉ ነቀለ፣ አቃጠለ። ሚስቱ ሐዘን እንደገባባት ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀመጠች። ማሳው ራቁቱን የቆየበት ጊዜ ክፉ ነበር። ቤተሰቡ ወንድምየው በሚልከው ቀለብ ኖረ። በሽታው በእግርና በመሣሪያ ተመልሶ እንዳይገባ ማንም ማሳውን አይረግጥም ተባለ፤ አማቱ እንኳ ከአጥር ውጭ ቆማ ሰላም ብላ ትመለስ ነበር፣ ለዚህም እስካሁን እንዳኮረፈች ናት። በመጨረሻ የወንድሙን ችግኝ ተከለ። ጥቂቱ ደረቀ። የቀረው ሥር ያዘ፣ ልጆቹም ከእሱ በሉ።

እንግዲህ ልጄ፣ «ትኩሳቱ ለቆኛል፣ እንደልቤ እበላለሁ፣ ታዲያ ሐኪሞቹ ለምን አሁን ደም የሚሠራውን መቅኔሽን አጥፍተን የወንድምሽን እንስጥሽ ይሉኛል?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። መድኃኒቱ የቆረጠልሽ ቅጠሉን ነው። ትኩሳቱን ያመጣብሽ ቫይረስ በደምሽ ውስጥ ተደብቆ እንደተቀመጠ የነገሩሽ ሐኪሞቹ ራሳቸው ናቸው። እስኪነሳብሽ ልጠብቅ ካልሽ፣ ያን ጊዜ ሰውነትሽ ይህን ሕክምና የሚችልበት ጉልበት አይኖረውም። ዛሬ አለው። ደህና መሆንሽ ሕክምናውን ለመተው ምክንያት መስሎሻል፤ እነሱ ግን ይህን ቀን ሲጠብቁት ነው የከረሙት።

ችግኙ አይደርቅም ብዬ አልምልልሽም። በዚህ ሕክምና ውስጥ ያለፈ ሁሉ አልዳነም፣ አንቺም ታውቂዋለሽ፤ እኔም ስለ አንቺ እፈራለሁ። ፈራሽ ብዬም አልፈርድብሽም። ግን ወንድምሽ ሳህሌ ተመርምሮ መቅኔው ይስማማሻል ከተባለ ጀምሮ አዎ እስክትዪ እየጠበቀ ነው፤ ደህና የሆንሽበትን ጊዜ ፍርሃት ሳይጨርሰው፣ ዛሬውኑ ደውዪለት።