አንድ ዓይነት የሳተ እጅ

አንድ ተጫዋች ነበረ። የውብዳር፣ መቀሱን አስቀምጪና ስሚኝ። «ጋሼ፣ የእግር ስፌት መኪናዬን በኤሌክትሪክ በሚሠራው ከቀየርኩ ወዲህ ኮሌታ መስፋት አቃተኝ። የሃያ ዓመት ሙያዬ ውሸት ነበር እንዴ? ልተወው?» ብለሽ ስትጠይቂኝ ትዝ ያለኝ እሱ ነው። ስክሪን ስጠግን ብዙ ሰው አይቻለሁ፤ እንደሱ ያለ ግን አላጋጠመኝም።

ይህ ሰው በኮምፒውተር የተኩስ ጌም ይጫወት ነበር። አትሳቂ፣ ቀልድ እንዳይመስልሽ። ጠላት ካንዱ ግድግዳ ወጥቶ ሌላው ጀርባ እስኪገባ ዓይን ለመጨፈን እንኳ ጊዜ የለም። እሱ በዚያች ቅጽበት ይመታል። ሲጫወት ሰው ሥራውን ትቶ ከኋላው ቆሞ ያየው ነበር። ስክሪኑ ግን አሮጌ ነው፤ ምስሉን አዘግይቶ ያሳያል። የሚሮጠው ጠላት እዚህ ጋ ሲታይ፣ በእውነቱ ትንሽ አልፎ ሄዷል። ይህን ለተጫዋቹ ማንም አልነገረውም፤ እጁ ግን በዓመታት ብዛት ራሱ ደርሶበት ሁልጊዜ ከሚያየው ቦታ ትንሽ ወደ ፊት አሳልፎ ይተኩስ ነበር።

ታዲያ የሚጫወትበት ቡድን ለከተማው ውድድር አለፈ። ውድድሩ የሚካሄደው በአዲስና በፈጣን ስክሪን ስለሆነ እንዲለማመድበት አንድ አመጡለት። ምስሉ ጥርት ያለ ነው፤ አይዘገይም። «ከእንግዲህ ማን ይችለዋል!» ተባለ። ተቀምጦ ተኮሰ፣ ሳተ። ደገመ፣ ሳተ። ትናንት የጀመሩት ሳይቀሩ አሸነፉት። የቡድኑ አለቃ ሦስት ቀን ታገሠውና «እስከ ቅዳሜ ካልተስተካከልክ ቦታህን ለሌላ እሰጣለሁ» አለው።

ተጫዋቹ መጀመሪያ ማውሱን ሰደበ፣ ቀጥሎ ወንበሩን፣ በመጨረሻም የገዛ እጁን። ከዚያ ስክሪኑን ተሸክሞ እኔ ዘንድ መጣ። ፈትሼ ምንም እንከን እንደሌለው ነገርኩት። ያኔ ፊቱ ላይ ያየሁትን ዛሬ አንቺ ፊት ላይ አየሁት።

ሌላው ቢሆን ወደ አሮጌው ስክሪን ይመለስ ነበር። እሱ ግን እዚያው ሱቄ ውስጥ ጌሙን ከፍቶ ልምምድ ጀመረ። ኢላማው በግድግዳ ሥር እየሮጠ አንዲት ምሰሶ ጋ በደረሰ ቁጥር ይተኩሳል። ሠላሳ ጊዜ ተኮሰ፣ ሠላሳውንም ሳተ። ከዚያ ኢላማውን ተወና ግድግዳውን አየ። የጥይቶቹ ቀዳዳ እዚህም እዚያም አልተበተነም። ሁሉም ከምሰሶዋ ጥቂት አልፎ፣ በአንዲት መዳፍ በሚሸፈን ቦታ ላይ ተሰብስቧል።

«ጋሼ፣ እጄ አልሞተም» አለኝ። «የድሮውን ስክሪን እየጠበቀ ነው።» ዓይኑ እንባ አቀረረ። የእኔም እንደዚያው።

በማግስቱ ጌም ቤት ገብቶ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ ቆሞ የሚጠብቅ ኢላማ መምታት ጀመረ። ቀጥሎ ቀስ ብሎ የሚሄደውን፣ ከዚያ የሚሮጠውን። «ሻምፒዮኑ ሀሁ ጀመረ!» ብለው ሳቁበት። «አዎ፣ ገና ‹ለ› ላይ ነኝ» አላቸውና ቀጠለ። እኔ ያን ሰው የወደድኩት ያን ቀን ነው። ስሙ የገነነ ሰው በሰው ፊት ጀማሪ ለመሆን የሚያስፈልገው ድፍረት ከተኩሱ ይበልጣል።

ቅዳሜ ቦታው ላይ ተቀመጠ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሳተ፤ ከዚያ በኋላ ግን ማን ያስቆመው! ቡድኑ ሁለተኛ ወጣ። አንደኛ ወጡ ብልሽ ደስ ባለኝ፣ ግን አልወጡም።

አሁን ያበላሸሻቸውን ኮሌታዎች አምጪ። ሁሉንም፣ አትደብቂ። እዚህ ዘርጊያቸው። የዚህኛውን ማዕዘን እዪው፤ መርፌው መቆም ካለበት አልፎ ሦስት ጊዜ ወግቷል። ይኸኛውስ? ሦስት። ያኛው? ቁጠሪው እንጂ፣ እኔ ዓይኔ ደክሟል።

አየሽ? የማይችል ሰው አንዴ በሁለት፣ አንዴ በሰባት ይስታል። አንቺ አሥራ አንዱንም ኮሌታ እኩል ነው የሳትሽው። የእግር መኪናሽ የሚቆምበትን ልክ እግርሽ ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ አዲሱ ደግሞ ካሰብሽው አልፎ ይሮጣል። ተጫዋቹ አንቺ ነሽ፣ የውብዳር፤ ግድግዳውም ይህ ጨርቅ ነው። ሙያሽ ውሸት ቢሆን ኖሮ ስህተትሽ እንዲህ አንድ ዓይነት ባልሆነ።

በይ፣ ቁራጭ ጨርቅ ፈልጊና ከቀጥታው መስመር ጀምሪ። የሚስቅብሽ ካለም፣ ገና ‹ለ› ላይ ነኝ በዪው።