ሞተሩ ሳይጠፋ የተገዛ ባትሪ

የመስኖውን ውኃ ለሦስት መንደር ሲያካፍሉ የኖሩት የውኃ አባት ሞቱ። ከተቀበሩ በኋላ የአገሩ ሰው ተሰብስቦ ምክትላቸውን ደምለውን «አንተ ተተካ» አለው። ደምለው ለዓመታት ከሽማግሌው ጎን ያልተለየ፣ ቦይ ያስጠረገ፣ የተጣላ ያስታረቀ ሰው ነው። ቢሆንም ልቡ አላረፈም። በጋው እየከረረ፣ ውኃው እየቀጠነ ሄዷል። አምና በዚሁ ወቅት ሁለት ወንድማማቾች በአንድ የውኃ ተራ አካፋ ለአካፋ ተማዝዘው፣ ደም ሳይፈስ የቀረው በሟቹ ምክንያት ነበር። ዘንድሮም ወንድማማቾቹ አልተነጋገሩም።

ስለዚህ ደምለው መምሬ ያየህን ሊጠይቅ ሄደ። መምሬ ያየህ የደብሩ አስተማሪ ናቸው። ምክር ሲጠየቁ ምክር አይሰጡም፤ ምሳሌ ይጀምራሉ፤ የቸኮለ ሰው በዚህ ይናደድባቸዋል።

«አባቴ፣ ሕዝቡ ተተካ ብሎኛል» አላቸው። «እችለዋለሁ ወይስ አልችለውም? በምን ልወቀው?»

«ተቀመጥ» አሉትና ጀመሩ።

አንድ ሞተረኛ ነበረ። ቤቱ ተዳፋት ላይ ነው። መንደሩ በሙሉ ተዳፋት ላይ የተለጠፈ ነው፤ ከሥሩ ሰፊ የዋልካ ሜዳ ተዘርግቷል፤ ከተማው፣ ገበያውና ጤና ጣቢያው ከሜዳው ማዶ ናቸው። በመንደሩ ከእሱ ሞተር ሳይክል በቀር ሌላ ተሽከርካሪ የለም። ምጥ የያዛትም፣ ከዛፍ የወደቀም፣ ልጁ ያተኮሰበትም የሚሮጠው ወደ እሱ ነው። ሰውየው ደግ ነበር፤ «ዛሬስ ደክሞኛል» ማለትን አያውቅም። አንድ ድካም ብቻ ነበረበት፤ ሰው ፊት ማፈርን አጥብቆ ይፈራል።

አንድ ቀን ባትሪው ሞተበት። በእግር የሚረገጠው ማስነሻ ድሮ ተሰብሮ ወድቋል፤ የቀረው በጣት የሚጫኑት ቁልፍ ነው፤ ቁልፉ ደግሞ ያለ ባትሪ አይሠራም። ይሁን እንጂ የተዳፋት ሰው ለዚህ መላ አያጣም። ማርሽ ያስገባል፣ ፍሪሲዮኑን ጨብጦ ቁልቁል ያንደረድረዋል፣ ፍጥነት ሲይዝ ፍሪሲዮኑን ይለቀዋል፣ ያን ጊዜ ሞተሩ እየጮኸ ይነሳል። አንዴ ከተነሳ ባትሪ ኖረ አልኖረ ደንታ የለውም፤ እየዞረ የራሱን ኃይል ራሱ ያመነጫል። ሰውየው እንዲህ እያደረገ ሰነበተ። ከተማ ሲገባም ሞተሩን አያጠፋም። ከተማው ሜዳ ላይ ነውና አንዴ ካጠፋው የሚያንደረድርበት ቁልቁለት የለውም። እሱ ሻይ ቤት ገብቶ ሲጠጣ ሞተሩ ደጅ ቆሞ ዱግ ዱግ ይላል፤ ሰዎችም «ይኼ ነዳጅ የተረፈው ጌታ ማነው?» እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

ቀልዱም ነዳጁም ሲመረው ባትሪ ሊገዛ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ሄደ። እንደ ልማዱ ሞተሩን ሳያጠፋ በሩ ላይ አቆመው። ባለሱቋ ሁለት ባትሪ አወጣችለት። አንደኛው ትንሽ ነው፣ ከአሮጌው ጋር እኩል፣ ካርቶኑም የደበዘዘ። «ይኼ ገና አልተነካም። አሲድ ሞልቼበት ቻርጅ ላይ ማደር አለበት፤ ነገ መጥተህ ትወስደዋለህ» አለችው። ሁለተኛው ትልቅ ነው፣ ደንዳና፣ ጎኑ ላይ ወርቃማ ጽሑፍ ያለበት። «ይኼ የተሞላ ነው። ግን መደርደሪያ ላይ ብዙ ቆይቷል፤ እኔ ዋስ አልሆንልህም» አለችው።

ሴትዮዋ አልዋሸችውም። የሰውየው ዓይን ግን ትልቁ ላይ ተተክሎ ቀረ። ነገ ደግሞ ያንን ሜዳ አቋርጦ መመለስ ታከተው። «እስቲ እሱን ግጠሚልኝ» አላት። ሞተሩ እየሠራ አሮጌው ወጣ፤ እየሠራ ትልቁ ገባ። ሰውየው ነዳጅ ሰጠው፤ የፊት መብራቱ ቦግ አለ። ክላክሱን ነካው፤ በመንገዱ ላይ ያለ ሁሉ ዘወር ብሎ አየው። ደስ አለው።

«ባትሪ ማለት ይኼ ነው» አለ።

«ቆይ» አለችው ባለሱቋ። «አሁን ያበራልህ ሞተሩ ነው። አጥፋውና በቁልፉ አስነሳው። ባትሪውን የምታየው ያን ጊዜ ነው።»

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሰውየው እጁን ወደ ማጥፊያው ሰደደ። ሰደደና ቆመ። የገበያ ቀን ነው፤ ዙሪያውን የሚያውቀውም የማያውቀውም ሰው ሞልቷል። አጥፍቶት ባይነሳስ? እነዚያ ቀልደኞች ሁሉ እያዩት ሞተር ሳይክሉን እየገፋ ከተማውን ሊያቋርጥ ነው። ደግሞስ መብራቱን በዓይኑ አላየም? ክላክሱን በጆሮው አልሰማም? እንዲህ እያለ ራሱን ሞገተ። እውነቱን ንገሩኝ ካልከኝ ግን፣ ማወቅ አልፈለገም። በልቡ ጥርጣሬው ነበረ፤ ጥርጣሬውን ይዞ መሄድ ከውርደቱ ቀለለው። እጁን መለሰ።

«ግድ የለም፣ አምኜዋለሁ» አላት።

«የራስህ ጉዳይ» አለችና ወደ ሌላ ገዢ ዞረች።

ከዚያ በኋላ ምን የሆነ ይመስልሃል? ምንም አልሆነም። እኔን የሚያሳዝነኝም ይኼ ነው። ያን ዕለት ቢከዳው ኖሮ ተሳድቦ፣ አፍሮ፣ ትንሹን ባትሪ ገዝቶ ይገባ ነበር። ባትሪው ግን ዝም አለ። ሰውየው ከቤቱ ደጅ እንደ ድሮው ቁልቁል እያንደረደረ ያስነሳዋል፤ ያቺን ቁልፍ የማይነካት ባትሪውን ላለማድከም ነው ይል ነበር። በተዳፋቱ አገር ይህ እንደ ብልኅነት ይቆጠራል፤ አዲስ ነገር ይሳሳለታል። ከተማ ሲወርድም አያጠፋውም፤ ለምዶታል። ሰው «ባትሪው እንዴት ነው?» ሲለው «እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም፤ አንድ ቀን እንኳ አላስቸገረኝም» ይላል። መዋሸቱ አልነበረም። አንድ ቀን እንኳ ምንም አልጠየቀውምና።

ክረምት ገባ። ከዕለታት አንድ ቀን፣ በጠዋት፣ አበልጁን እርሻው ዳር እባብ ነደፈው። ይህ ሰው የሞተረኛውን ልጅ ክርስትና ያነሳ፣ ጎረቤቱ፣ ሲስቅ ከታች መንደር የሚሰማ ሰው ነበር። ተሸክመው ሲያመጡት እግሩ እስከ ጉልበቱ አብጧል። ሞተረኛው አንዲት ደቂቃ አላጠፋም። አበልጁን ከኋላው አስቀመጠው፤ ሚስትየዋም ከኋላ ሆና ባሏን ደግፋ ያዘች።

«አይዞህ አበልጄ። ማዶ ስንደርስ መድኃኒቱ አለ» አለው።

ቁልቁል አንደረደረው፤ ተነሳ። ተዳፋቱ እስኪያልቅ ደህና ሄዱ። ሜዳው ግን ዝናብ የጠገበ ዋልካ ነው። መካከሉ ላይ ሲደርሱ ጭቃው ጎማውን ጠቅልሎ ከጭቃ መከላከያው ሥር ተጠቀጠቀ፤ ጎማው አልዞርም አለ፤ ሞተሩ ተንፈራገጠና ጠፋ።

ሞተረኛው መጀመሪያ አልደነገጠም። ወርዶ ጭቃውን በእንጨት ፈልፍሎ አወጣ፤ ጎማውን ነጻ አደረገው። ከዚያ ተቀመጠና ያችን የሳሳላትን ቁልፍ ተጫናት። ቀጭ አለች። ደግሞ ተጫናት። ቀጭ። ክላክሱን ሞከረው፤ እንደ ታመመ ጥጃ አቃሰተ። ከዚያ ያም ቀረ።

«ምነው?» አለ አበልጁ። ምላሱ መተሳሰር ጀምሯል።

«ምንም አይደል፤ አሁን ይነሳል።»

ገፋው። ሚስትየዋም አብራው ገፋች። በለጥ ያለ ሜዳ፣ ያውም በዋልካ፣ ሞተር በግፊት አይነሳም፤ ጎማው ይንሸራተታል እንጂ ሞተሩን አያዞረውም። እየወደቁ እየተነሱ ገፉት፤ አልሆነም። ማዶ የጤና ጣቢያው ቆርቆሮ በፀሐይ ሲያበራ ይታያል። ሰውየው ያን ጊዜ ሁሉም ገባው። ሰው ሲገባው ይጮኻል ትል ይሆናል፤ እሱ ግን አልጮኸም። ሞተር ሳይክሉን ጭቃው ላይ ጣለው፤ አበልጁንም በጀርባው አዘለ።

ሰው አዝለህ በዋልካ ሄደህ ታውቃለህ? እግርህን ስታነሳ መሬቱ አብሮህ ይነሳል። ቆርቆሮው ይታያል እንጂ አይቀርብም። ሰውየው እየተንገዳገደ፣ በጉልበቱ እየተንበረከከ፣ ደግሞ እየተነሳ ሄደ። ሚስትየዋ ከኋላ እየተከተለች ባሏን በስሙ ትጠራዋለች። መጀመሪያ መጀመሪያ ይመልስላት ነበር።

ጤና ጣቢያው ሲደርሱ ነርሷ አልጋ ላይ አስተኝታ የዓይኑን ቆብ ገልጣ አየችው። ከዚያም ነጠላውን ወደ ፊቱ ሳበችው። «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትደርሱ ኖሮ» አለች፤ ክፉ ልትናገር ፈልጋ ሳይሆን አምልጧት ነው። መድኃኒቱ ማቀዝቀዣው ውስጥ ነበር።

በለቅሶው ላይ ማንም ሞተረኛውን አልወቀሰውም። እንዲያውም በጀርባው አዝሎ መሄዱን እያነሱ መረቁት። የሟቹም ሚስት አንድ ክፉ ቃል አልወጣትም፤ ይኼ ደግሞ ባሰበት። «ቀኑ ደርሶ ነው፤ ምን ታደርገዋለህ» ይሉታል። እሱ ራሱን ይነቀንቃል። ቀኑ የትኛው እንደሆነ ግን እሱ ያውቃል። ክረምት ላይ አልነበረም። በገበያ መካከል እጁን የመለሰበት ቀን ነው።

መምሬ ያየህ ምሳሌውን እዚህ ላይ ጨረሱና ወደ ደምለው ዞሩ።

«እንግዲህ አትቀየመኝ፤ ባትሪው አንተ ነህ» አሉት። «ሟቹ የውኃ አባት ሞተሩ ነበሩ። ሰው ጠቡን ይዞ ሲመጣ፣ አንተ ስትናገር ጸጥ ብሎ ይሰማህ ነበር። ለምን ይመስልሃል? እሳቸው ከኋላህ ተቀምጠው ነው። ብርሃኑንስ አገር ሁሉ አይቶታል። የማን ብርሃን እንደነበረ ግን ሕዝቡም አያውቅ፣ እኔም አላውቅ፣ አንተም አታውቅ። ምናልባት የአንተም ይሆን ይሆናል። ሞተሩ ጠፍቶ ያየህ የለም።»

ደምለው አንገቱን ደፋ። «እንግዲያ ልተወው?» አለ።

«ተወው አላልኩህም። ያ ሰው የተሳሳተው ትልቁን ባትሪ በመውደዱ አይደለም፤ ሳይሞክር በመውሰዱ ነው። ገና ሕዝቡ ፊት አልማልክም፤ ውኃውም ጨርሶ አልደረቀም። ዛሬ ወደ ሁለቱ ወንድማማቾች ሂድ። ብቻህን ሂድ። የሟቹን ስም አታንሳ፤ ‹እሳቸው ቢኖሩ እንዲህ ይሉ ነበር› አትበል። ታላቅየውን ፊት ለፊት እያየህ፣ በራስህ አፍ፣ ‹የዛሬው ተራ የወንድምህ ነው፤ አካፋህን አስቀምጥ› በለው።»

«ባይሰማኝስ? በሰው ፊት ቢያዋርደኝስ?»

«ታፍራለሃ» አሉት መምሬ ያየህ። «ታፍርና ወደ ሕዝቡ ተመልሰህ ‹ሌላ ሰው ፈልጉ› ትላለህ። ሌላ ሰው የሚፈለግበት ጊዜ ገና አለ፤ ውርደቱም የአንተ የብቻህ ይሆናል። ዛሬ ሳትሞክረው ተቀብለህ፣ መጋቢት ላይ ቦዩ ሲደርቅ ካወቅኸው ግን፣ ያን ጊዜ ጀርባህ ላይ ሰው አለ።»