አርፋ ተነሣች

ከግራር ውሃ መንደር በስተምሥራቅ፣ ከኮረብታው ግርጌ ያለችው ጥቁር አፈር ማሳ «አርፋ ተነሣች» ትባላለች። የመንደሩ ሰው ከጥምቀት ማግስት እስከ የካቲት መባቻ አያርስም፤ ማረሻውን ከሞፈሩ አውልቆ ግድግዳ ላይ ይሰቅላል፣ መንገድ ላይ ሲገናኝም «አረፋችሁ?» ብሎ ይጠይቃል፣ መልሱም «አርፈን እንነሣለን» ነው። እንግዳ ሰው ይህን ሲሰማ የሞት ወሬ እየመሰለው ይደነግጣል። ሽማግሌዎቹ ግን ነገሩ ይርሳው ከሚባል ገበሬ ጀመረ ይላሉ።

እንደሚነገረው፣ ይርሳው ማንጠግቦሽ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረችው። በአራት ዓመቷ፣ መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ ንዳድ ያዛትና በሦስተኛው ቀን ሞተች። ይርሳው መድኃኒት ፍለጋ ቆላ ወርዶ ሲመለስ ጎረቤቱ ደጃፍ ላይ ጠብቆ «አረፈች» አለው፤ ሌላ ቃል አልጨመረም ይባላል። ከዚያ ቀን ወዲህ ይርሳው ያን ቃል መስማት አልቻለም። አጨዳው አልቆ፣ እህሉ ተወቅቶ፣ ሰው ሁሉ ለሠርግና ለጥምቀት ነጭ ለብሶ ሲወጣ እሱ በሬዎቹን ጠምዶ በደረቀው መሬት ላይ ማረስ ጀመረ።

በዚያ ዘመን የጥር ዕረፍት ልማድ እንጂ ሕግ አልነበረምና የከለከለው የለም። በበጋ ፀሐይ፣ በክረምት ጭቃ ሲያርስ ዋለ፤ ዝናቡ ሰውን ሁሉ እሳት ዳር ሲሰበስብ እሱ ውኃ በተኛበት መሬት ላይ ትልም ያወጣል። ሦስት ዓመት እንዲህ ሆነ። በሦስተኛው ዓመት ጤፉ ከስንዝር አላለፈም፣ ቦራ የሚሉት በሬው አጥንቱ ተቆጠረ፣ የይርሳውም ልብስ እንጨት ላይ የተሰቀለ መሰለ፤ ሳሉም ከማዶ ይሰማ ነበር። «ይርሳው ስሙን አልሆነም» ይሉ ነበር ጎረቤቶቹ። ሚስቱ የሻረግ እንደገና አርግዛ ነበርና፣ በየዕለቱ ምሳውን ይዛ ማሳ ስትወርድ የሚወለደው ልጅ አባቱን ላያገኘው ነው ብላ ትፈራ ነበር።

በጥር አንድ ቀን አያ ልየው የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ከማሳው ዳር መጥተው ቆሙ።

«አንተ ይርሳው፣ በጥር የሚታረስ ምን መሬት አለ? ድንጋይ ነው እኮ የምታርሰው።»

«እጄ ሥራ ሲፈታ አይወድም፣ አያ።»

«የጨበጥከው እንጨት እንኳ ስሙ እርፍ ነው። እረፍ እያለህ ነው፣ አንተ ግን አትሰማም።»

ይርሳው አልሳቀም። ሽማግሌውም ቀልዱን ትተው፣ «ሰው ከመሬት ተሠራ ይላሉ ቄሶቹ። እንግዲያ ወራቱም የእሷ ወራት ነው። እሷ በጥር ትተኛለች። አንተ ከእሷ ትበልጣለህ? ተዋት፣ ትረፍ» አሉት።

«ያችም ልጄ አረፈች ተብላለች» አለ ይርሳው። «ስትነሣ ግን አላየሁም።»

አያ ልየው በትራቸውን ይዘው እዚያው ቆመው ሳሉ ቦራ በትልሙ መካከል ተንበረከከና ተኛ። ይርሳው ጅራፉን አነሣ። የምሳ አገልግሏን ይዛ የደረሰችው የሻረግ ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ ጎንበስ አለችና ቀንበሩን ከበሬው አንገት ፈታችው።

«ይረፍ» አለችው። «እኔም ልረፍ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንተ ሳትቀመጥ እኔም መቀመጥ አልቻልኩም።»

ይርሳው ጅራፉን ጥሎ ከበሬው ጎን ተቀመጠ። ለልጁ ያላለቀሰውን ልቅሶ ያን ቀን አለቀሰው ይባላል፤ ሚስቱም አብራው አለቀሰች። ሲበቃቸው ምሳውን ከአያ ልየው ጋር ለሦስት በሉት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቦራ በራሱ ጊዜ ተነሥቶ ወደ ቤት መንገድ ገባ።

ያን ዓመት ይርሳው ማሳዋን አልነካትም፤ ወንዝ ዳር ባለችው ትንሽ መሬት በዘራው ሽምብራና ጎረቤት በሰጠው እህል ኖሩ። ግንቦት ላይ የሻረግ በሰላም ተገላገለች። በክረምት ይርሳው ከእሳት ዳር ተቀምጦ ጎመኑን በልቶ በጊዜ ተኛ፤ መስከረም ሲጠባ «ጎመን ምንቸት ውጣ፣ ገንፎ ምንቸት ግባ» ካሉት ጋር አብሮ አለ፤ ሳሉም ቀስ በቀስ ተወው። ማሳዋ ማንም ያልዘራውን አደይ አበቀለች። በተከታዩ ዓመት ተዘርታ፣ ኅዳር ላይ ጤፉ በራሱ ክብደት ተኝቶ ለአጫጅ አስቸገረ። አያ ልየው እንደ ልማዳቸው ዳር ቆመው አዩና፣ «አርፋ ተነሣች» አሉ።

ይርሳው ያን ቃል ሰምቶ ምን እንዳደረገ ሽማግሌዎች አይስማሙም። ሳቀ የሚሉ አሉ፤ ማጭዱን አስቀምጦ አፈሩን በእጁ ዳሰሰ የሚሉም አሉ። ማንጠግቦሽ እንዳልተነሣች ያውቃል። ነገር ግን ቃሉን ከዚያ ወዲያ ከማንም አፍ አልሸሸውም፣ በጥር ማረሻውን ሰቅሎ «አረፋችሁ?» ብሎ ሰላምታ የሰጠ የመጀመሪያው ሰውም እሱ ነው ይባላል።

ዛሬም ኀዘን የገባበት ቤት ካለ፣ ወሩ ጥር ባይሆንም ጎረቤት መጥቶ ማረሻውን አውልቆ ይሰቅልለታል። በአርፋ ተነሣች መካከልም በሬ የሚተኛበት ያህል ቦታ ሳይታረስ ይቀራል። ገበሬው እዚያ ሲደርስ እርፉን ብድግ አድርጎ ያልፋታል፤ በመስከረምም አደዩ መጀመሪያ የሚፈነዳው እሷ ላይ ነው።